የሥራ ኢሜይል ስልክ ላይ አልገባ ሲል ከየት መጀመር ይሻላል?

ስልኩ «የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ ትክክል አይደለም» ይላል። ፓስወርዱን ግን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተር ላይ በእሱው ነው የገባችሁት። ደግማችሁ ትጽፋላችሁ፤ አሁንም እምቢ። በሦስተኛው ትናደዱና «እንደ አዲስ ልጀምረው» ብላችሁ አካውንቱን ከስልኩ ላይ ታጠፉታላችሁ።

እባካችሁ እሱን ለጊዜው አቆዩት። ቢሮ ውስጥ የሰው ስልክ ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ኢሜይሉ እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ለማስተካከል ሲባል የሚጠፋው መልእክት ነው። ሳይላክ አውትቦክስ ውስጥ የቆመ ኢሜይል ካለ አካውንቱ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል። ስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ረቂቅም እንዲሁ። አካውንቱ ፖፕ በሚባለው፣ መልእክቱን ወደ መሣሪያው በሚያወርደው መንገድ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ የቆዩ መልእክቶች ሰርቨሩ (ኢሜይሉ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ እንለይ፤ ከዚያ እሱን ብቻ እንነካለን።

1. በብሮውዘር ግቡ

የስልካችሁን ክሮም ወይም ሳፋሪ ክፈቱና ኢሜይሉን በአፕ ሳይሆን በድረ ገጽ ሞክሩት። ጉግል ከሆነ በጂሜይል ድረ ገጽ፣ ማይክሮሶፍት ከሆነ በአውትሉክ ድረ ገጽ። መሥሪያ ቤታችሁ ከሆስቲንግ ድርጅት (ድረ ገጽና ኢሜይል ከሚያከራይ) የገዛው ከሆነ ከድረ ገጹ አድራሻ ቀጥሎ እዝባርና «ዌብሜይል» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ስትጨምሩ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል።

በዚህ መንገድ ከገባችሁ ፓስወርዱ ልክ ነው፤ አካውንቱም አልተዘጋም። ችግሩ ያለው ስልኩ ላይ በተሞላው ነገር ወይም በመገናኛው መንገድ ላይ ነው። የጻፋችሁት ፓስወርድና የስልኩ ሰዓት ልክ ሆነው (ቁጥር 2ንና 3ን እዩ) በብሮውዘርም ካልገባ ግን ሌላውን የስልኩን ሴቲንግ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ወይ ፓስወርዱ ጊዜው አልፏል፣ ወይ አካውንቱ ተቆልፏል። ቀጥታ ወደ አይቲ ክፍል ደውሉ።

ፓስወርድ ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ብዙ ሰርቨሮች ጥቂት የተሳሳተ ሙከራ ካዩ ለጊዜው ይቆልፋሉ። አንዳንዱ አካውንቱን ነው የሚቆልፈው። አንዳንዱ ደግሞ ሙከራው የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ ይቆልፋል። እንዲህ ሲሆን በቢሮ ዋይፋይ ላይ የነበራችሁ ከሆነ የባልደረቦቻችሁም ኢሜይል አብሮ ሊቆም ይችላል። ሁለቴ ሞክራችሁ እምቢ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገርም አለ። ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ በቀየራችሁ ቀን ስልኩ አሮጌውን ይዞ ይቀራል። እናንተ ሳታዩት በራሱ ደጋግሞ ያንኳኳል። ሰርቨሩም «ሌባ ነው» ብሎ አካውንቱን ይቆልፋል። አይቲዎች ይከፍቱላችኋል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቆለፋል። እንዲህ ከሆነባችሁ ኢሜይሉ የተጫነበትን መሣሪያ ሁሉ አስታውሱ። ቤት ለልጆች የተሰጠው አሮጌ ስልክና መሳቢያ ውስጥ ያለው ታብሌት ጭምር። ሁሉም ላይ አዲሱን ፓስወርድ አስገቡ፤ ወይም የማትጠቀሙበት ላይ አካውንቱን አንሱት።

2. የጻፋችሁትን በዓይናችሁ አረጋግጡ

ፓስወርድ ስትጽፉ ጎኑ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ንኩና ፊደሎቹን እዩ። የመጀመሪያው ፊደል ሳታውቁት ትልቅ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቆየም ነጥቡ ሌላ ምልክት ሆኖ ይገባል። ስማችሁን ከኪቦርዱ ጥቆማ ላይ ስትመርጡ ከኋላው ባዶ ቦታ ያስከትላል፤ ያ ባዶ ቦታ ለሰርቨሩ አንድ ፊደል ነው። ከቴሌግራም ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉም ይኸው ነው የሚሆነው።

አድራሻውንም አንዴ እዩት። የድርጅታችሁ አድራሻ በነጥብ ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ ከፊቱ «ኮም» አለው ወይስ የለውም? ኪቦርዱ በራሱ «ኮም» ብቻ አድርጎ ሊዘጋው ይችላል።

3. የስልኩን ሰዓትና ቀን ተመልከቱ

ይህ እኛ አገር ውስጥ ከሌላው ቦታ ይልቅ ከባድ ችግር ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ የሂሳብ ባለሙያ «ልጄ፣ ኮዱን ልክ ነው የምጽፈው፤ እሱ ግን ልክ አይደለም ይለኛል» አሉኝ። ስልካቸውን ሳየው 3:20 ይላል። የግድግዳው ሰዓትም 3:20 ነው። ለእኛ ልክ ነው። ስልኩ ግን 9:20 ማለት ነበረበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማንበብ እንዲመቻቸው በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሰውታል።

ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቀው፣ አውተንቲኬተር የሚባለው አፕ የሚያወጣው ባለ 6 አሃዝ ኮድ ከሰዓት ነው የሚሠራው። በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ስልኩ ስድስት ሰዓት ከዘገየ የሚያወጣው ኮድ የስድስት ሰዓት በፊት ኮድ ነው። ሰርቨሩ አይቀበለውም።

ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚያስገቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ ከሰዓቱ የባሰ ነው። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ሰርቨሩ ማንነቱን ለስልኩ የሚያሳይበት መታወቂያ፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ የአንዳንዱ ዕድሜ 90 ቀን ብቻ ነው። ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ካለ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ቀኑ የጠፋበት ስልክም እንዲሁ ያደርጋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል አድርጉ። የእኛን ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን የሚያሳዩ አፖች አሉ፤ ዋናው ገጽ ላይ አስቀምጡት። አንድሮይድ ላይ ሌላም ዘዴ አለ። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ትተዉና የሰዓት ክልሉን ብቻ በእጅ ቦነስ አይረስ ታደርጉታላችሁ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ስልኩ የእኛን ሰዓት ያሳያል፤ ከጀርባ ያለው እውነተኛ ጊዜ ግን አይዛባም። እኔ ግን አፑን ነው የምመርጠው፤ የሰዓት ክልል ሲቀየር የስብሰባ ግብዣ ላይ ግራ መጋባት ይመጣል።

4. ኢሜይላችሁ የማን እንደሆነ እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አካውንት ሲጨምሩ ስልኩ ዝርዝር ያቀርባል፦ ጉግል፣ አውትሉክ፣ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የድርጅት ኢሜይል)፣ «ሌላ»። አድራሻው በድርጅቱ ስም ስለሆነና ጂሜይል ስለማይል ሰዉ «ሌላ» የሚለውን ይመርጣል። የድርጅቱ ስም ግን ታፔላ ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው ጉግል ወይም ማይክሮሶፍት ሊሆን ይችላል።

እንዴት ታውቃላችሁ? በብሮውዘር ስትገቡ የታያችሁን ገጽ አስታውሱ። የጉግል መግቢያ ከነበረ «ጉግል» የሚለውን ምረጡ። የማይክሮሶፍት ከነበረ «ኤክስቼንጅና ኦፊስ 365» የሚለውን ምረጡ፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የአውትሉክን አፕ አውርዶ በእሱ መግባት ነው። ሁለቱም ካልሆኑና ተራ የዌብሜይል ገጽ ከሆነ ያኔ «ሌላ» ልክ ነው።

የተሳሳተ ምርጫ ድሮ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አይሠራም። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2022 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ በተጠቃሚ ስምና በፓስወርድ ብቻ መግባትን በኦንላይን ኤክስቼንጅ ላይ መዝጋት ጀመረ። ጉግልም ለድርጅት አካውንቶች ያንኑ በር በ2025 ዘግቷል። አሁን ስልኩ የኩባንያውን የራሱን መግቢያ ገጽ ይከፍታል፤ ፓስወርዱን እዚያ ላይ ትሰጣላችሁ። ማረጋገጫ ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ ይገባል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የቢሮ መመሪያ እነዚህን ሁለቱን በተመለከተ አይጠቅማችሁም።

በጣም አሮጌ አፕ ወይም ስልክ ይህን ገጽ መክፈት ላይችል ይችላል። ለጉግል «አፕ ፓስወርድ» የሚባል ባለ 16 ፊደል ልዩ ቃል አለ። የሚሰጠው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከተከፈተና ድርጅቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ከተቻለ ግን አፑን አድሱ፤ እሱ ይሻላል።

የማይክሮሶፍት አውተንቲኬተር መልእክት ሲመጣ «ፍቀድ» የሚለውን ብቻ መንካት አይበቃም። መግቢያው ላይ የሚታየውን ባለ 2 አሃዝ ቁጥር መጻፍ አለባችሁ። እናንተ ሳትገቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ፓስወርዳችሁ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አትፍቀዱ፤ ወዲያው ቀይሩት።

ስልክ ልትቀይሩ ከሆነ አሮጌውን ከመሸጣችሁ በፊት አውተንቲኬተሩን ወደ አዲሱ አዛውሩ። ወደ ውጭ የምትሄዱም አስቡበት። ኮዱ በኤስኤምኤስ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር የሚመጣ ከሆነና ሲሙ እዚያ ኔትወርክ ካላገኘ ውጭ ላይ ትቆማላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ወደ አፕ ቀይሩት።

5. «ሌላ» ለሆኑት፦ ሰርቨርና ፖርት

ከሆስቲንግ ድርጅት የተገዛ ኢሜይል ላይ ስልኩ ሁሉንም ነገር በራሱ አያውቅም። እናንተ ትሞላላችሁ። ስልኩ ፖፕ ወይስ አይማፕ ሲላችሁ አይማፕ በሉ፤ አይማፕ መልእክቱን ሰርቨሩ ላይ ይተወዋል።

የተጠቃሚ ስም ላይ ሙሉው የኢሜይል አድራሻ ይገባል፤ ከ@ በኋላ ያለው ጭምር። «አበበ» ብሎ ብቻ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

የሚገባው ሰርቨር (ገቢ መልእክት የሚመጣበት) አብዛኛውን ጊዜ «ሜይል» የሚል ቃል፣ ነጥብ፣ ከዚያ የድርጅቱ ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለው ስም) ነው። ፖርቱ (ሰርቨሩ ላይ የሚገባበት በር ቁጥር) 993፣ ጥበቃው (መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚያደርገው) ኤስኤስኤል። የሚወጣው ሰርቨር ስሙ ብዙ ጊዜ ያው ነው። ፖርቱ 465 ከሆነ ጥበቃው ኤስኤስኤል ነው፤ 587 ከሆነ ስታርት ቲኤልኤስ። እነዚህን አታዳቅሉ። 465ን ከስታርት ቲኤልኤስ ጋር ስታጋቡት ስልኩ እየዞረ፣ እየዞረ ይቆያል፤ በመጨረሻ «ሰርቨሩ አልመለሰም» ይላል። ሰርቨሩ ግን ደህና ነው። ፖርት 25 የሚል አሮጌ ወረቀት ካያችሁ ተዉት፤ እሱ ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ነው፣ ብዙ ኔትወርኮችም ይዘጉታል።

አይፎን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሚወጣው ሰርቨር ስር ያሉት የስምና የፓስወርድ ቦታዎች «እንደ አማራጭ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ሰው አምኖ ባዶ ይተዋቸዋል። ከዚያ ኢሜይል ይገባል፣ አይወጣም። ሙሏቸው፤ ከላይ የሞላችሁትን ያንኑ። አንድሮይድ ላይ ደግሞ «ለመላክ መግባት ያስፈልጋል» የሚለው ምርጫ መከፈት አለበት።

የአይፎን ሜኑ ቦታ ቀይሯል። ከአይኦኤስ 18 (የአይፎን ሲስተም) ጀምሮ ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ ሜይል ውስጥ ነው አካውንቶቹን የምታገኙት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሴቲንግ ውስጥ ሜይል የሚለው በቀጥታ ይታይ ነበር።

አሁን «ሰርተፍኬቱ አይታመንም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣስ? ሰዓቱን አስቀድማችሁ አስተካክላችኋል እንበል። በብዛት የሚያጋጥም ሁለት ምክንያት ይቀራል። አንደኛው፣ ሰርቨሩ እውነተኛ ስሙ ሌላ ሆኖ በድርጅታችሁ ዶሜይን ስም ስትጠሩት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም አይገጥምም። አይቲ ክፍልን ወይም ሆስቲንጉን «የሰርቨሩ ትክክለኛ ስም ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና እሱን ጻፉ። ሁለተኛው፣ ስልካችሁ አንድሮይድ 7.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት የሚሰጠውን ሰርተፍኬት አያውቀውም። ነጻ ስለሆነ ብዙ ሰርቨር የሚጠቀመው እሱን ነው። ለአሮጌ ስልኮች ተብሎ የቆየው መሸጋገሪያም መስከረም 2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አብቅቷል። ያን ስልክ በተራ ሴቲንግ ማዳን ይከብዳል።

«ሁሉንም ሰርተፍኬት ተቀበል» የሚል ምርጫ አንዳንድ አፕ ላይ ታያላችሁ። ችግሩን በአንዴ የሚፈታ ይመስላል። አትንኩት። እሱን ስትመርጡ ካፌ ዋይፋይ ላይ መሃል የገባ ማንም ሰው ራሱን ሰርቨር አስመስሎ ፓስወርዳችሁን ሊወስድ ይችላል፤ ስልኩም አያስጠነቅቃችሁም።

6. መንገዱን ፈትሹ

ዋይፋዩን አጥፉና በዳታ ሞክሩ። ከዚያ ዳታውን አጥፉና በዋይፋይ ሞክሩ። በቢሮ ዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሰርቨሩ አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ለመግባት የቢሮው ቪፒኤን (ከሩቅ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ መንገድ) ያስፈልጋል። በዳታ ሠርቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ ደግሞ ዋይፋዩ ፖርት ዘግቷል፤ ወይም እንደ ሆቴል መግቢያ ገጽ ይጠብቃችኋል።

ለሌላ ጉዳይ ብላችሁ የጫናችሁት ነጻ ቪፒኤን ክፍት ነው? ዝጉት። ጠዋት ከአዲስ አበባ የገባ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአውሮፓ ሲመጣ ጉግልም ማይክሮሶፍትም ይጠራጠራሉ፤ ሊያግዱም ይችላሉ። ከዚያም በላይ፣ የሥራ ኢሜይል ባለቤቱ በማይታወቅ ቪፒኤን ውስጥ ማለፍ የለበትም።

ከገባ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

ይገባል ግን አይወጣም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚወጣውን ሰርቨር ከላይ እንዳልኩት ካስተካከላችሁ በኋላ አውትቦክስን እዩ። አንድ ትልቅ ፋይል መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ላይ ጣሪያው 25 ሜጋባይት ነው፤ ፋይል በኢሜይል ሲሄድ ደግሞ ሲሶ ያህል ያብጣል። በስልክ የተነሱ አምስት ስድስት ፎቶዎች በቀላሉ ይሞሉታል። ትልቁን አውጡት፤ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ይወጣል ግን አይገባም ከሆነ ሳጥኑ ሞልቶ እንደሆነ በዌብሜይል አረጋግጡ። ከሆስቲንግ የተገዛ ሳጥን ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። የላኩላችሁ ሰዎች «ተመለሰብን» ካሏችሁ በአብዛኛው እሱ ነው።

ስልኩ ላይ አዲሶቹ ብቻ እየታዩ የድሮዎቹ ከጠፉ ግን ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ። የቢሮው ኮምፒውተር በፖፕ ከተገናኘ መልእክቶቹን አውርዶ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ይሰርዛል። አውትሉክ ላይ የተለመደው «ከ14 ቀን በኋላ ከሰርቨሩ አንሳ» የሚል ምልክት ነው። ስልኩ የሚያየው ሰርቨሩ ላይ የቀረውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ አይማፕ መዞር አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን የወረደው ፋይል ኮፒ ይያዝለት። ይህን ለብቻችሁ አትሞክሩት፤ የአይቲ ባለሙያ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ዘግይቶ የሚገባም አለ። በጂሜይል አፕ ውስጥ «ሌላ» ብላችሁ የጨመራችሁት አካውንት ቢፈጥን በየ15 ደቂቃው ነው የሚፈትሸው። ይህ ብልሽት አይደለም። ሰዓታት የሚዘገይ ከሆነ ግን የባትሪ ቁጠባው ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ከጀርባ የሚሠራን አፕ የሚዘጋ ማጽጃ አለ። ሳምሰንግ አፑን «የተኙ» ከሚላቸው ጋር ይመድበዋል። ሴቲንግ ውስጥ አፑን ፈልጉ፣ ባትሪ የሚለውን ክፈቱና ገደቡን አንሱለት። ዳታ ቆጣቢውም ካለ ኢሜይሉን ከእሱ ነጻ አድርጉት።

«ፍቀድ» ከማለታችሁ በፊት

የኤክስቼንጅ አካውንት ስትጨምሩ ስልኩ «ድርጅቱ መሣሪያውን እንዲያስተዳድር ትፈቅዳላችሁ?» ሊል ይችላል። አንብቡት። ከሚዘረዝራቸው መካከል በርቀት የስልኩን ይዘት መሰረዝ ሊኖር ይችላል። ስልኩ ቢሰረቅ የሥራው ምስጢር እንዳይወጣ ታስቦ ነው። ሥራ በለቀቃችሁ ቀን ግን አንድ ሰው ተሳስቶ ቢነካው የልጆቻችሁ ፎቶ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ፎቶዎቻችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የሥራውን ክፍል ከግሉ የሚለይ «ወርክ ፕሮፋይል» እንዳላቸውም ጠይቁ።

አይቲ ክፍል ስትደውሉ

«ኢሜይሌ አይሠራም» ብቻ አትበሉ። በብሮውዘር ገባ ወይስ አልገባም? በዳታ ነው በዋይፋይ? ስልኩ ምን ዓይነት ነው? ስህተቱ ስንት ሰዓት ላይ መጣ? ሰዓቱን ስትነግሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩ፤ የሰርቨሩ መዝገብ ላይ የሚፈልጉት በእሱ ነው። የስህተቱን መልእክት በስክሪንሾት ላኩላቸው። ፓስወርዳችሁን ግን አትላኩ፣ ቢጠይቋችሁም። ፓስወርዱን መጻፍ ካስፈለገ ስልኩን ወስዳችሁ እዚያው ፊታቸው ራሳችሁ ጻፉት።